የቀይ ቀን ቀጠሮ

ጥቅምት 4

ይድረስ ላሳደገችኝ ለአባቴ እህት፣ ለእቴቴ፤

ሰላምታዬ ይህ ወረቀት የሚያቋርጠውን ባሕር ሁሉ አቋርጦ፣ ሳይረጥብ ደጅሽ ይድረስ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የቀለም ገንዳዎቹስ ሰላም ናቸው? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። «ከናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝም» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ሁሉም ሰው ይህንኑ ስለሚጽፍ ተውኩት እንጂ ነገሩስ እውነት ነው።

ሥራዬ ያው በረዶ ቤት ነው። የዓሣ ሳጥን ከአንዱ ግድግዳ አንስቼ ሌላው ጋ እቆልላለሁ። ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ ነጭ፣ የሚያለብሱን ካፖርት ነጭ፤ ትንፋሼ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ፊቴ ላይ ይንሳፈፋል። ትልቁ በር ሲከፈት የውጩ ሙቀት ከውስጡ ብርድ ጋር ይገናኝና ቤቱ በጉም ይሞላል። ያኔ ማቅለሚያ ቤትሽ የገባሁ ይመስለኛል። እስከ ክርኑ ሰማያዊ የሆነው እጅሽ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብሎ፣ «አንተ ጭራሮ፣ እዚያ ቆመህ ምን ያፈዝዝሃል?» የምትዪኝ ይመስለኛል። አለቃዬም ይህንኑ ነው የሚለኝ፣ በሌላ ቋንቋ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በዓመት ፈቃዴ ልመጣ አስቤ ፓስፖርቴን ላሳድስ ቆንስላ ሄጄ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ስሜን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች። ደግማ ጻፈች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ አገር ቤት የመያዣ ትዕዛዝ እንደወጣብህ ታውቃለህ?» አለችኝ። በቀጠሮው ቀን ፍርድ ቤት ስላልቀረበ ከተገኘበት ተይዞ ይቅረብ ይላል አለች። የሄድኩበትን ረስቼ ቆምኩ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ድምፅ ከውሃ ውስጥ የሚመጣ መሰለኝ።

እቴቴ፣ ያ የሰማያዊው ውሃ ጉዳይ ተዘግቷል ብለን አልነበር እንዴ? በዋስ ለቀውኝ፣ ዋሴም አንቺው ሆነሽ፣ በቀጠሮው ቀን አብረን አልሄድንም? አዳራሹ ባዶ ነበር። የበሩ ጥበቃ «ዛሬ እዚህ ምንም ነገር የለም፣ ወደ ቤታችሁ ሂዱ» አለን። ስንመለስ ሙዝ ገዝተሽልኝ «በቃ፣ ተገላገልን» አልሽኝ። ከዚያ ሥራ አገኘሁና ወጣሁ። ተደብቄ አልወጣሁም። የምታውቂው ነገር ካለ እባክሽ ሳትሸሽጊ ጻፊልኝ።

ጭራሮ ብለሽ ያሳደግሽው



በቢጫ ቀን፣ ውሃው እስኪፈላ

ለጭራሮዬ፤

ያለህበትን ቅዝቃዜ የሚያስረሳ ሙቀት ከዚህ ልኬልሃለሁ፤ መንገድ ላይ ካልወሰዱብህ ይደርስሃል። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ እንደ በፊቱ ነው፤ ስለለመደኝ ትቶኝ አይሄድም።

ደብዳቤህን ባነበብኩ ዕለት ሕልም አየሁ። ወንዙ ሽቅብ ይፈሳል። ያኔ የለቀቅከው ሰማያዊ ሁሉ ከታች ተመልሶ፣ በባለአንሶላው የእንግዳ ማረፊያ በኩል አልፎ፣ በቦዩ ገብቶ ገንዳው ውስጥ ጸጥ ብሎ ተኛ። ሰማያዊ የሆኑት ዳክዬዎችም ተከትለውት መጡና አንድ በአንድ ጠልቀው ነጭ ሆነው ወጡ። አንተ ውታፉን ይዘህ ቆመሃል። «ድፈነው እንጂ» እልሃለሁ፤ አንተ ዳክዬ ታያለህ። በውንህስ ያው አይደለህ? የማጠቢያውን ውሃ ልቀቅ ብልህ የሰማያዊውን ገንዳ ውታፍ ነቅለህ፣ ወንዙን ቀኑን ሙሉ አቅልመህ፣ ባለአንሶላው ወንዙ ውስጥ ያሳጠበውን ነጭ አንሶላ በሙሉ ሰማያዊ አደረግክለት። ያውም በነፃ። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ውለታህን አላወቀም፣ ከሰሰህ።

ትዕዛዝ ስላልከው ነገር ብዙ አታስብ። አንድ ፖሊስ መጥቶ ነበር፤ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው። «ልጁ የት አለ?» አለኝ። «ባሕር ማዶ ዓሣ ያቀዘቅዛል» አልኩት። ቁጭ በል ብዬ በርጩማ ሰጠሁት። ለካ በርጩማው አልደረቀም። ወደ ጣቢያው ሲመለስ ሱሪው ከኋላ ቢጫ ሆኗል፤ ሰፈሩ ሁሉ እያየ ማንም አልነገረው። እኔም አልነገርኩትም።

መምጣቱን ምን አስቸኮለህ? ዝናቡ አላባራም። ክፍልህንም እያስጠገንኩ ነው፤ የምታድርበት የለም። ገንዘብ አትላክ። ይልቅ ካገኘህ ደህና የሚያበራ የጠረጴዛ መብራት ላክልኝ፤ እዚህ አምፖሉን ደካማ አድርገው መሥራት ጀምረዋል። ዓይነ ሰፊ መርፌም ጨምርበት።

ሻርፕ አቅልሜ ልኬልሃለሁ። አረንጓዴ ነው፣ ልክ እንደ ቡቃያ። አንገትህን ሸፍን።

እቴቴ



ኅዳር 27

ለእቴቴ፤

በዚያ ትልቅ በር ባለፍኩ ቁጥር እግዜር በጤና ያቆይልኝ የምልሽ እቴቴ፣ እንዴት ነሽ? መብራቱንና መርፌውን ልኬያለሁ። መብራቱ አንገቱ ይታጠፋል፤ ወደፈለግሽው አዙሪው።

ከሰሞኑ ሳጥን ስቆልል ነገሩ ድንገት ገባኝ። ፖሊሱ ቀጠሮውን የነገረን «ማክሰኞ» ብሎ ነበር። አንቺ ደግሞ «ቀይ ቀን ነው» አልሽ፤ እኔም ቀይ ቀን ብዬ ያዝኩት። በቤታችን ሰኞ የሚባል ነገር መች ነበረና? ሰኞ ቢጫ፣ ማክሰኞ ቀይ፣ ረቡዕ አረንጓዴ፣ ሐሙስ ሰማያዊ፣ ዓርብ ጥቁር፤ ቅዳሜ ገንዳ አጠባ፣ እሑድ ነጭ ቀን። ትምህርት ቤት እንኳ መምህሬ «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ሲለኝ «አረንጓዴ» ብዬ ስንት ጊዜ ተስቆብኛል። ታዲያ በቀጠሮው ሳምንት ያ የአዳራሽ መጋረጃ መጣ፤ ሁሉም ቢጫ። በሰኞ አላልቅ አለና ማክሰኞም ቢጫ አቀለምን። ቀዩ ወደ ረቡዕ ተገፋ። እኛም ቀይ ቀናችንን ጠብቀን፣ ንጹሕ ለብሰን፣ ረቡዕ ሄድን። ዳኛው እኮ ማክሰኞ ስሜን አስጠርተው ነበር ማለት ነው፤ እኛ ገንዳ ላይ ጎንበስ ብለን እየዘፈንን። ብቻዬን ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቄ ጠፋ። ሥራ ላይ ሆኜ ዕንባዬ ጉንጬ ላይ ደረቀ።

ሻርፑም ደረሰኝ። ይሞቃል። አብረውኝ የሚሠሩት ሁሉ «ይሄን የመሰለ ሰማያዊ ከየት አገኘህ?» አሉኝ። ሰማያዊ ነው፣ እቴቴ። አረንጓዴ አይደለም። እንደምታደርጊው አድርጌ ወደ መስኮት ወስጄ አየሁት። በልጅነቴ ከሁሉ የምወደው ነገር ያ ነበር፤ እርጥቡን ጨርቅ ይዘሽ ወደ መስኮቱ ትሄጂና ብርሃን ላይ ትዘረጊዋለሽ። «ይዟል» ካልሽ ያልቃል። «ገና ነው» ካልሽ ደንበኛው ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ጨርቁ ተመልሶ ገንዳ ይገባል። አንድም ቀን ተሳስተሽ አታውቂም።

አምፖሎቹ ደካማ የሆኑ አይመስለኝም። ዓይንሽ እንዴት ነው?

ጭራሮ



በጥቁር ቀን

ለጭራሮዬ፤

ብዙ እንዳስጠበቅኩህ አውቃለሁ። ሰላምታዬም እንደኔው ዘግይቶ ቢደርስህ አትቀየመው። ፊደሌን ትልልቅ አድርጌ የጻፍኩት ወረቀት ልጨርስብህ አይደለም። መብራትህ ጎበዝ ነው፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

አዎ፣ ዓይኔ እየሄደ ነው። ልነግርህ አልፈለግኩም። ዕድሜዬን በእንፋሎት ውስጥ ስኖር እንፋሎቱ ቤት የሌለው ይመስል ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ሐኪሙ በቀዶ ጥገና የሚነሳ ዓይነት አይደለም አለኝ። መሐሉ ነው የሚጠፋው፤ ዳሩ ይቀራል። ፊት ለፊት የማየው ነገር ጭጋግ ይሆናል፤ በጎን ያለው ግን ይታየኛል። ሰው ሲያናግረኝ ፊቱን ትቼ አጠገቡ ያለውን ግድግዳ ሳይ ነው ትንሽ የማገኘው። ሙዝ ሻጯ «ምነው ኮራሽብኝ?» ብላ ተቀይማኛለች። ዳሩም ቢሆን እስከ ክረምቱ ድረስ ነው አለኝ። እኔ ደግሞ ክረምት ደርሶ አያውቅም ብዬ ነው የምኖረው።

ቀለሞቹን በሽታቸው እለያቸዋለሁ። ቀዩ ዝገት ዝገት ይላል። አረንጓዴና ሰማያዊው ግን ሽታቸው ወንድማማች ነው፤ እንዳየኸው ያሞኙኛል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝን ልንገርህ። ባለፈው ፊትህን በልቤ ልስለው ብዬ ተቀመጥኩ። ጆሮህ መጣ፣ ግንባርህ መጣ፣ አፍንጫህ ላይ ስደርስ ጠፋብኝ። ማስታወሱም እንደ ዓይኔ ከመሐሉ ጀመረ እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። አለቀስኩ፣ አልዋሽህም።

ቢሆንም አትምጣ። ብትመጣ ከአውሮፕላኑ በር ነው የሚወስዱህ። በእኔ የቀለም አቆጣጠር ጥፋት አንተ ስትታሰር ማየት አልችልም። ታስረህ ከማይህ፣ ሳላይህ ነፃ ሁንልኝ። የተናገርኩት ተናገርኩት ነው።

እቴቴ



ጥር 16

ለእቴቴ፤

እግሬ ከመድረሱ በፊት ሰላምታዬ ይቅደምልኝ። እመጣለሁ።

እንዳትቆጪ። ብቆይም ትዕዛዙ አይቆይልኝም፤ ፓስፖርቴ ሲያበቃ እዚህም ወረቀት አልባ ነኝ። ቆንስላ ያለችው ሴት ለመመለሻ ብቻ የሚሆን ወረቀት ይሰጥሃል ብላኛለች። ስትነግረኝ እሷም አዘነችልኝ። ይዘውኝ ከሚሄዱ እኔው በእግሬ ብሄድ ይሻላል። የበረዶ ቤቱን ሥራ ሌላ ሰው እንደሚገባበት አውቃለሁ፤ ይግባበት።

እኔም ሕልም አየሁ። በረዶ ቤቱ ውስጥ አንቺ ሳጥኖቹን እየከፈትሽ ዓሦቹን በየቀለሙ ትነክሪያቸዋለሽ። እያንዳንዱን ወደ በሩ ብርሃን ወስደሽ ታያለሽ። እኔ ከኋላ ተሰልፌያለሁ፣ ተራዬ ግን አይደርስም። ስነቃ ተራዬን ላለማጣት ወሰንኩ።

አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ፍርድ ቤት ሄደሽ፣ ሰው ራሱ እጁን ቢሰጥ ምን እንደሚያደርጉትና ማንን ዋስ እንደሚቀበሉ አጣሪልኝ።

ጭራሮ



በአረንጓዴ ቀን፣ ወይም በሰማያዊ

ለደረቁ ለጭራሮ፤

ሰላም ሁን፣ ምንም እንኳ ቃሌን ባትሰማም። በአባትህ ወጥተህ ነው፤ እሱም «አትሂድ» ሲሉት ነበር ጫማውን የሚያጠልቀው።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ አለ። ታሪካችንን ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። «እናቴ፣ በቀለም ነው ቀጠሮ የያዛችሁት?» አለኝ። «ታዲያ በምን ይያዛል?» አልኩት። ሲስቅ ጃንጥላው ተነቃነቀ። ሰውየው ግን ሥራውን ያውቃል። አንተ ራስህ ቀርበህ፣ የቀረህበትን ምክንያት በማመልከቻ አስረድተህ፣ የመያዣው ትዕዛዝ እንዲነሳና በዋስ እንድትወጣ ትጠይቃለህ። ተይዞ ከመጣ ሰው ይልቅ መጥቶ የቆመን ሰው ዳኛ በደህና ዓይን ያያል ይላል። ካልተቀበሉህ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ውስጥ ነህ፤ ይህንንም አልደብቅህም።

ዋሱን እኔ እሆናለሁ አልኩት። «አንዴ ዋስ ሆነው ሰውየው ቀርቷል፤ ሁለተኛ አይቀበሉዎትም። ንግድ ፈቃድ ያለው ሌላ ሰው ይፈልጉ» አለኝ። እንደ ለማኝ በየሱቁ ዞርኩ። ቁልፍ ሠሪው «ሚስቴን ልጠይቅ» አለኝ፤ ሚስቱ ባንኮኒው ኋላ ቆማ ነበር፣ በጎን አየኋት። መድኃኒት ሻጩ ፈቃዱ እየታደሰ ነው። ጨርቅ ቸርቻሪው ስገባ ሳል ያዘው፣ እስክወጣ አልለቀቀውም። ቤቴ ገብቼ ገንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ባለአንሶላው መጣ። ያ ስትከሰስ «ልብሴን ያበላሸ ወሮበላ» ብሎ የመሰከረብህ ሰውዬ። በሩ ላይ ቆሞ አይገባም፣ አይሄድም።

«ባለቀለሟ፣ ዋስ ትፈልጊያለሽ አሉ» አለኝ።

«ብፈልግስ? ልትስቅብኝ መጣህ?»

«አንሶላዎቼ ደበዘዙ።»

«ምን አንሶላ?»

ለካ ሰማያዊዎቹን አልጣላቸውም። አዲስ መግዣ ስላልነበረው ያንኑ አነጠፈ። እንግዶች ተኝተው ሲነሱ «እዚህ ቤት ጥሩ ሕልም አየን» ይሉት ጀመር። አንዱ በባሕር ላይ ተንሳፈፍኩ ይላል፣ አንዷ የሞተች እናቷን አገኘሁ ትላለች። ከሩቅ እየመጡ ሰማያዊውን አልጋ ይጠይቃሉ። አሁን አንሶላው በአጠባ ብዛት ሊነጣ ነው። ሰዎቹ ሕልማችን ቀጠነ ይሉታል።

«ሌላ ቀለም ቤት ወሰድኩት፣ ያንን ሰማያዊ አላወጡትም» አለኝ። «ያ ልጅ ምን አድርጎ ነው ያወጣው?»

«ወንዝ ውስጥ ደፍቶ» አልኩት።

ፊቱን አላየሁትም። ሲስቅ ግን ሰማሁት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያኔ ያልኩትን ዳኛው ፊት እመልሰዋለሁ። ዋስ እሆናለሁ» አለኝ። እጁን ጨብጬ አለቀስኩበት፤ እጅጌው ላይ ጥቁር ቀለም ነክቶታል፣ ያንንም አልነገርኩትም።

ስለዚህ ና። ግን በቢጫ ቀን ግባ። በጥቁር ቀን ብትገባ ቅዳሜና ነጩን ቀን በከንቱ እስር ቤት ትውላለህ። ከአውሮፕላን ማረፊያውም ቢይዙህ «እጄን ልሰጥ ነው የመጣሁት» በል፤ አትከራከር። ማመልከቻው ጃንጥላው ሥር ተዘጋጅቷል። እኔ ችሎቱ ውስጥ እቀመጣለሁ። ከብዙ ሰው መሐል ላላገኝህ እችላለሁና ስትገባ ሳል። ሳልህን አውቀዋለሁ።

እቴቴ



ሰኞ፣ ማለትም ቢጫ ቀን፣ ከጣቢያው

ለእቴቴ፤

ሰላም ገብቻለሁ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ይዘው አመጡኝ፤ ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽና የሚያነብልሽ ያ በርጩማሽ ላይ የተቀመጠው ፖሊስ ነው። የሱሪው ቢጫ እስከ ዛሬ አልለቀቀም፤ አሳየኝ። ተቆጥቶ እንዳይመስልሽ፣ ያሳየኝ እየሳቀ ነው።

ችሎቱ ነገ ነው። ነገ ቀይ ቀን ነው። ቢጫ መጋረጃ ቢመጣልሽ፣ የከተማው መጋረጃ በሙሉ ቢመጣልሽ፣ እንዳትቀበዪ።

ፈርቻለሁ። ቢሆንም ካንቺ በግድግዳ እንጂ በባሕር አልተለየሁም፤ ይህም አንድ ነገር ነው።

ጭራሮ



በቀይ ቀን

ለእቴቴ፤

ይህን የምጽፈው መዝገብ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ነው። ባለአንሶላው ውስጥ ገብቶ የዋስትናውን ወረቀት እየፈረመ ነው። አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ «ምን ትሞነጫጭራለህ?» ትያለሽ። ደብዳቤ ነው አልኩሽ። «ለማን?» አልሽኝ። ላንቺ። ማታ ቤት ገብተን እኔው አነብልሻለሁ። መጻጻፉን ስለለመድነው ሳልሰናበተው መተው ደስ አላለኝም።

ዓይንሽ ያላየውን ልንገርሽ። ስገባ ሳልኩ። ከአዳራሹ ጥግ ያለ አንድ ሽማግሌም ሳለ፤ አንቺ ግን ወደ እሱ አልዞርሽም። ወደ እኔም አልዞርሽም። ግድግዳውን አየሽ። ያኔ እንዳየሽኝ አወቅኩ።

ዳኛዋ ማመልከቻውን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «በእናንተ ቤት ማክሰኞ ቀይ ነው የሚባለው?» አሉኝ። አዎ ክብርት ዳኛ አልኩ። «ቀጠሮ በቀለም አይያዝም» አለ ዐቃቤ ሕጉ። ባለአንሶላው ሳይጠየቅ ተነሳና፣ «እኔ ነኝ የተጎዳሁት፣ እኔው ነኝ ዋሱ። ይህ ሰው ቢጠፋ ከሁሉ በላይ የምከስረው እኔ ነኝ» አለ። ሰው ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቁም፤ ቀና ብለው አንቺን አዩሽ፣ አንቺ መስኮቱን ታያለሽ። ከዚያ የመያዣው ትዕዛዝ ተነስቷል፣ በዋስ ይለቀቅ፣ ከከተማው እንዳይወጣ አሉ። ሌሎች እንዳይወጣ ሲባሉ ያዝናሉ። እኔ ይህን ፍርድ ለመስማት ባሕር ተሻግሬ መጣሁ።

ቀጣዩን ቀጠሮ «ሐሙስ» ብለው ሲያስመዘግቡ አንቺ ከመቀመጫሽ «ሰማያዊ» አልሽ። ዳኛዋ ያን ጊዜ ብቻ ሳቁ።

ከችሎቱ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ያዝሽኝ። አንድም ቃል ሳትናገሪ በአገጬ ይዘሽ ወደ መስኮቱ ወሰድሽኝ። ብርሃኑ ላይ አቆምሽኝ፤ ፊቴን ወደ ቀኝ አዞርሽ፣ ወደ ግራ አዞርሽ። አንቺ ውጩን፣ ጣሪያዎቹን ታያለሽ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ እኔን የማታዪኝ መስሎታል። «ከስተሃል» አልሽኝ። ከዚያ አፍንጫዬን በጣትሽ ነካሽ፣ የጠፋብሽ ቦታ ላይ ቆየሽ። ጣትሽ ዝገት ዝገት ይሸታል። ለካ ንጋት ላይ ቀዩን አቅልመሽ ነው የመጣሽው፣ ቀኑ እንዳይሳሳትብሽ።

ባለ ቢጫ ሱሪው ፖሊስ መጥቶ፣ «እናቴ፣ ፊርማው ይቀራል፣ ይበቃዎታል?» አለሽ።

አገጬን ሳትለቂ፣ «ገና ነው» አልሽው።